«አባዬ፣ ስንጠራህ ለምን አትመልስም?» ለልጆች ዎኪቶኪ ስንገዛ



ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ በሚሆንበት ሰሞን፣ በሁለት መኪና ሆነን ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። ፓርኩ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ 75 ማይል ያህል ርቆ ይገኛል፤ በዚህ አካባቢ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከሁለቱ ልጆቻችን ጋር፣ የባለቤቴ ወንድም ከነቤተሰቡ፣ እናቴም ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር እሷም አለች። ፔርሙስ ቡና፣ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ ይዘናል። አራት አዲስ ዎኪቶኪም ይዘናል።

ዎኪቶኪዎቹን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ ባትሪ ያለው ዕቃ ሁሉ የሚመለከተው እኔን ነው፤ የማይክሮዌቭ ሰዓት እንኳን ሲሳሳት «ኢንጂነሩ» ተብዬ እጠራለሁ። ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ የገዢዎችን አስተያየት ካነበብኩ በኋላ የመረጥኩት ሳጥኑ ላይ ትልቁ ቁጥር የተጻፈበትን ነው። «እስከ 35 ማይል» ይላል። ከእኛ ቤት እስከ ባልቲሞር ማለት ነው ብዬ ተደሰትኩ።

ዳርክ ሆሎው ወደሚባለው ፏፏቴ የሚወስደው መንገድ ደርሶ መልስ 1.4 ማይል ብቻ ነው፤ ግን ቁልቁለቱ ለጉልበት አይመችም። ስለዚህ እናቴና ባለቤቴ መኪናው ጋ ቀሩ፤ አንድ ዎኪቶኪ ለእነሱ። እኔ የአምስት ዓመት ልጄን እጇን ይዤ ቀስ እያልኩ ወረድኩ፤ አንድ ለእኔ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጄና የአሥራ ሁለት ዓመቱ ያክስቱ ልጅ «ቀድመን እንሂድ?» አሉኝ። ያለ ሬዲዮ ቢሆን እሺ አልልም ነበር። ሬዲዮ ስለያዙ ግን «ሂዱ፣ እየደወላችሁ» አልኳቸው።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ደስ ይሉ ነበር። «አባዬ፣ ድልድይ አለ!» «አባዬ፣ ውሻ አየን!» ከዚያ መንገዱ ታጠፈና ዝም አሉ። ጠራኋቸው። ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ መለሰልኝ። ደግሜ ጠራሁ። ላይ ያለችው ባለቤቴ «እኔንም አይሰሙኝም» አለችኝ፤ የእሷም ድምፅ እየተቆራረጠ ነው። ስልኬን ሳወጣ መስመር የለም። ፏፏቴው አጠገብ ድንጋዩ እርጥብ እንደሆነ፣ ማስጠንቀቂያም እንደተለጠፈ ከመነሳታችን በፊት አንብቤያለሁ። ልጄን አቅፌ ቁልቁል መሮጥ ጀመርኩ። በዚያ ሩጫ ያሰብኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ወላጅ የሆነ ሰው ያውቀዋል።

ፏፏቴው ሥር ደርሼ ሳይ ሁለቱም አጥሩ ጋ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ልጄ ቀና ብሎ አየኝና ያለኝ ግን እስካሁን ይቆረቁረኛል፤ «አባዬ፣ ስንጠራህ ለምን አትመልስም?»

ለካ እነሱም ሲጠሩኝ ነበር። ዎኪቶኪውን ተቀብዬ ሳየው ቻናሉ 11 ላይ ነው። እኛ የተስማማነው 3 ላይ ነበር። ልጁ ኪሱ ውስጥ ሲከተው ነው መሰለኝ ቁልፉ ተነክቷል። እሱ ባይሆን እንኳ በእኔና በእነሱ መካከል አንድ ሙሉ የተራራ ጎን አለ፤ የቦታው ስም ራሱ ሸለቆ ማለት ነው። የፏፏቴው ጩኸት ተጨምሮበት፣ ብጠራቸውም አይሰሙኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ከልቤ መማር የጀመርኩት። ዛሬ የምጽፍላችሁም ለልጆቻችሁ ዎኪቶኪ ለመግዛት ካሰባችሁ እኔ በሩጫ የተማርኩትን እናንተ ቁጭ ብላችሁ እንድታነቡት ነው።

ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር

35 ማይል የሚለው ውሸት ነው ማለት ይከብዳል። እውነት የሚሆንበት ቦታ ግን እኛ የምንኖርበት አይደለም። እነዚህ ሬዲዮዎች የሚጠቀሙበት ሞገድ በግርድፉ እንደ ዓይናችን ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለውን ያገኛል፣ ከተራራ ጀርባ ያለውን ግን አያገኝም። ዓይን ሜዳ ላይ ምን ያህል ርቆ እንደሚያይ ለማስላት የቁመቱን (በሜትር) ስኩዌር ሩት በ3.57 ማብዛት ነው፤ መልሱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። ዎኪቶኪውን አፉ ጋ የያዘ ልጅ መሬት ላይ ቆሞ ከፍታው 1.2 ሜትር ቢሆን፣ የሚያየው 3.9 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ልጆች ቢሆኑ ድምሩ 7.8። ከዚያ በላይ ሲራራቁ፣ ዛፍ የለም ቤት የለም እንኳን ብንል፣ የምድር ክብነት ራሱ ይጋርዳቸዋል።

35 ማይል 56 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ አንዱ ልጅ ሜዳ ላይ ቆሞ ሌላው ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መሆን አለበት፤ በመካከላቸውም ምንም መኖር የለበትም። ሳጥኑ ላይ የጻፉት ሰዎች አንዱን ተራራ ጫፍ፣ ሌላውን ሜዳ ላይ አቁመው አስበው ነው። ልጆቻችን የሚጫወቱት ግን በአፓርታማ ሕንፃዎች መካከል ነው።

ከሸናንዶዋ በተመለስን በሁለተኛው ቅዳሜ ልጄን ይዤ እውነተኛውን ርቀት ለካን። እሱ ከእናቱ ጋር ቆመ፣ እኔ እየራቅኩ በየመቶ ሜትሩ ጠራሁ። ክፍት መስክ ላይ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ጥርት ብሎ ተሰማ። ሰፈራችን ውስጥ፣ በቤቶቹ መካከል፣ 700 ሜትር ላይ መቆራረጥ ጀመረ። ሕንፃችን ውስጥ ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ አይሰማም። የእናንተ ከዚህ ይለያል፤ ግን ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ነገር ነውና ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት እናንተም ለኩት። ልጄ ውጤቱን ደብተሩ ላይ ጻፈው። አሁን «እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ይሰማል፣ ከመንገዱ ማዶ አይሰማም» ብሎ ራሱ ይነግረኛል። ሳጥኑን ከማመን ይህ ይሻላል።

ዋት ሲጨምርስ? ይረዳል፣ ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ኃይሉ አራት እጥፍ ሲሆን፣ ምንም በማይጋርድበት ቦታ እንኳ ርቀቱ የሚያድገው ሁለት እጥፍ ነው። ተራራ ካለ ደግሞ ያው ተራራ ነው።

የት አገር ነው የምትኖሩት?

ይህን አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ተሳስቼበታለሁ። ማስተርሴን ጀርመን ስማር ከጓደኞቼ ጋር ለእግር ጉዞ ብለን አንድ ጥንድ ገዝተን ነበር። ወደ አሜሪካ ስመጣ ከመጻሕፍቴ ጋር ካርቶን ውስጥ ይዤው መጣሁ። ከዓመታት በኋላ ልጄ አገኘውና ግቢ ውስጥ መጫወት ጀመረ፤ ዎኪቶኪ ግዛልኝ ማለት የጀመረውም ከዚያ ነው። በኋላ ሳነብ የአውሮፓው ዎኪቶኪ የሚሠራበት 446 ሜጋኸርዝ እዚህ ፈተና ተፈትነው ፈቃድ ላወጡ አማተር የሬዲዮ ተጠቃሚዎች የተመደበ ሆኖ አገኘሁት። የዘጠኝ ዓመት ልጄን ሕግ ሲያስጥስ የከረመው አባቱ ነው ማለት ነው።

አሜሪካ ያላችሁ የምትፈልጉት «ኤፍ አር ኤስ» የሚባለውን ነው፤ የቤተሰብ ሬዲዮ አገልግሎት እንደ ማለት ነው። 22 ቻናሎች አሉት፣ ፈቃድም አያስፈልገውም። ከ2017 ጀምሮ በወጣው ደንብ ከ1 እስከ 7 እና ከ15 እስከ 22 ባሉት ቻናሎች እስከ 2 ዋት ይፈቀዳል፤ ከ8 እስከ 14 ያሉት ግን ግማሽ ዋት ብቻ ናቸው። የእኛ ልጆች በስህተት የገቡበት 11 ቁጥር ከደካሞቹ አንዱ ነበር። እናንተም የቤተሰባችሁን ቻናል ስትመርጡ ከ8 እስከ 14 ያሉትን እለፏቸው። አንዳንድ ለልጆች ተብለው የሚሸጡ ግን በሁሉም ቻናል ግማሽ ዋት ብቻ ናቸው፤ ለግቢ ጨዋታ ይበቃል፣ ለጉዞ አይበቃም።

በሁለትና ሦስት መኪና ተከታትላችሁ የምትጓዙ ከሆነ «ጂ ኤም አር ኤስ» የሚባል ከፍ ያለ አገልግሎት አለ። ለእሱ ከኤፍ ሲ ሲ ፈቃድ መውሰድ ይጠይቃል፤ ፈተና የለውም፣ ክፍያው 35 ዶላር ነው፣ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ደስ ያለኝ ግን አንድ ሰው ካወጣው ቤተሰቡን በሙሉ መሸፈኑ ነው፤ ሚስት ወይም ባል፣ ልጆች፣ ወላጆች፣ አያቶች፣ ወንድምና እህት፣ አጎትና አክስት፣ አማቶች ሳይቀሩ። ደንቡን የጻፈው ሰው የእኛን አገር ቤተሰብ የሚያውቅ ይመስላል።

ካናዳ ያላችሁም ቻናሎቹ በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። አውስትራሊያ ደግሞ በ477 ሜጋኸርዝ አካባቢ የራሱ 80 ቻናሎች አሉት። አውሮፓና እንግሊዝ ያላችሁ «ፒ ኤም አር 446» የሚል የተጻፈበትን ግዙ፤ ኃይሉ ግማሽ ዋት ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም፣ አዳዲሶቹ 16 ቻናሎች አሏቸው፣ የቆዩት 8። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ይዞላችሁ ቢመጣ ምስጋና አቅርባችሁ አትጠቀሙበት፤ ሞገዱ እናንተ ጋ ለሌላ ሥራ የተመደበ ነው። ገልፍ አገሮች ያላችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁም፣ በሻንጣ ከማስገባታችሁም በፊት የየአገራችሁን የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደንብ ተመልከቱ። ሬዲዮ በቀላሉ የማይታይበት አካባቢ ነው።

አንድ የአጎቴ ልጅ «ባኦፌንግ ግዛ፣ ርካሽ ነው፣ ኃይለኛም ነው» ብሎኝ ነበር። ርካሽም ኃይለኛም ነው፣ እውነቱን ነው። ግን ያ የተለመደው ሞዴል ለኤፍ አር ኤስ የተፈቀደ አይደለም፤ ልጅ ደግሞ ቁልፍ እየነካ ሌሎች የሚሠሩበት መስመር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ፈቃድ ላወጣ አዋቂ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለልጅ እጅ አይሆንም።

ሚስጥር ያልሆነው የሚስጥር ኮድ

ይህኛው ጥፋቴ ከሸናንዶዋው ይብሳል፤ ምክንያቱም ከሙያዬ ጋር የተያያዘ ነው።

ሳጥኑ ላይ «121 የፕራይቬሲ ኮድ» ይላል። ኮድ የሚለውን ሳይ እንደ ሥራ ቤታችን ነገር፣ ንግግራችንን ቆልፎ የሚልክ መሰለኝ። አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ግቢ ሲጫወቱ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ በዎኪቶኪው እሰማለሁ። በድንገት የማላውቀው ወንድ ድምፅ ገባ። በእንግሊዝኛ፣ በጨዋታ መልክ፣ «ማን ነሽ አንቺ?» አላት ትንሿን። እሷም ሰው ሲጠይቃት እንድትመልስ ስላስተማርናት ስሟን ከነአባቷ፣ ከዚያም የሕንፃችንን ቁጥርና ፎቃችንን ተናገረች። ሽንኩርቱን ጥዬ ወደ በሩ ስሮጥ ሰውየው «የኔ ቆንጆ፣ ይህንን በሬዲዮ ለማንም አትንገሪ፣ እሺ?» ሲላት ሰማሁ። ደግ ሰው ነበር። ሁሉም ሰው እንደ እሱ አይደለም።

ያ ኮድ ምንም አይቆልፍም። የሚያደርገው ከድምፃችን ጋር አንድ ዝቅተኛ ቃና አብሮ መላክ ነው፤ የሚቀበለው ሬዲዮም ያንን ቃና ሲያገኝ ብቻ ድምፅ ማጉያውን ይከፍታል። ስለዚህ የሌሎችን ወሬ እናንተ እንዳትሰሙ ያደርጋል እንጂ የእናንተን ሌሎች እንዳይሰሙ አያደርግም። ኮድ ያላስገባ ሰው በዚያ ቻናል ላይ የምትናገሩትን በሙሉ ይሰማል። በር ዘግቶ እንደማውራት ሳይሆን ጆሮን ደፍኖ አደባባይ ላይ እንደማውራት ነው። ይህንን የሚያክል ነገር ሳላነብ መቅረቴ ለአንድ ሶፍትዌር ሠራተኛ አሳፋሪ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቼ አማርኛ አለማንበባቸው በጀኝ።

ኮዱን ተጠቀሙበት፤ ልጆቹ የማንንም ወሬ እንዳይሰሙ ይረዳል። ሁሉም ዎኪቶኪዎች ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ግን አረጋግጡ፤ ቻናሉ አንድ ሆኖ ኮዱ ከተለያየ አትሰማሙም። ልጆቹን ደግሞ ይህን አስተምሩ። በሬዲዮ ላይ እውነተኛ ስም የለም፤ የእኛ ቤት ዋልያና ጭላዳ ነው። አድራሻ የለም። «ቤት ነኝ»፣ «ብቻዬን ነኝ» አይባልም። ድምፁን የማያውቁት ሰው ከገባ አይመልሱም፤ መጥተው ለእኛ ይነግሩናል።

እንግዲህ ሱቅ ስትገቡ

ከዚህ በኋላ ምርጫው ቀላል ነው። እኔ አሁን ሳጥን ሳነሳ በመጀመሪያ የምፈልገው የቁልፍ መቆለፊያ ነው፤ ትንሽ የቁልፍ ሥዕል አለችው። ቻናሉን አስተካክላችሁ ትቆልፉታላችሁ፣ ልጁ መናገሪያውን ከመጫን ሌላ ምንም መቀየር አይችልም። የእኛው ዎኪቶኪም ይኸው መቆለፊያ ነበረው፤ መመሪያው ገጽ 6 ላይ ተጽፏል፣ እኔ ገጽ 6 አልደረስኩም።

ከዚያ ዕቃውን ለልጁ እጅ ስጡትና ጫን በል በሉት። የአምስት ዓመት ልጅ አውራ ጣት ጠንካራ ቁልፍ ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት አይችልም፤ መሃል ላይ ይለቀዋል፣ ንግግሩም ይቆረጣል። በርቀት ለማዘዝ ካሰባችሁም በሱቅ አንድ ጊዜ ነካ አድርጋችሁ እዩት። ሳይጫኑ በድምፅ ብቻ የሚከፈት አሠራር ያላቸውም አሉ፤ ለብስክሌት ጥሩ ይመስላል፣ ግን ነፋስና ሳቅ ሁሉ ይከፍተዋል። እኔ አጥፍቼዋለሁ።

ስለ ባትሪ ሁለት ነገር ብቻ። ለግቢ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረግ ይመቻል። ለጉዞ ግን ተራ የባትሪ ድንጋይም የሚቀበል ብትመርጡ ጥሩ ነው፤ ጫካ ውስጥ ሶኬት የለም፣ በብርድ ደግሞ ባትሪ ቶሎ ይደክማል። በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚላከው ሻንጣ አይገባም። በጣም ትንንሾቹ መጫወቻዎች እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ባትሪ የሚገባባቸው ካሉ ክዳናቸው በብሎን የሚታሰር መሆኑን እዩ። ሕፃን ቢውጠው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ተዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከመጫወቻ ክፍል የሚገዙት ርካሾቹ ብዙ ጊዜ በ27 ወይም በ49 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ፣ ከግቢ የማያልፉ ናቸው። ለአራት ዓመት ልጅ እሱ ይበቃል፤ ነገ ይሰብረዋል። ከአምስትና ስድስት ዓመት በላይ ለሆነ ግን ትክክለኛውን ኤፍ አር ኤስ ወይም አውሮፓ ከሆናችሁ ፒ ኤም አር ግዙ። አሜሪካ ያላችሁ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ የሚቀበል ብታገኙ ለጉዞ ጥቂት ዶላር መጨመር ያዋጣል። ስልክ ላይ የሚጫኑት የዎኪቶኪ አፖች ኢንተርኔት ስለሚፈልጉ ሸለቆ ውስጥ አይረዷችሁም።

ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ስልክ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው ክርክር በየቤታችን እንዳለ አውቃለሁ። የእኛም ልጅ «ክፍሌ ውስጥ ሁሉም አላቸው» ይለናል። ዎኪቶኪው ክርክሩን አልጨረሰውም፤ አንድ ዓመት ግን ገዝቶልናል። ስክሪን የለውም፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። ለልጆቼ መጠበቅን ያስተማራቸው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከሁሉም በላይ ግን ዕቃው ሳይሆን ስምምነቱ ነው የጠቀመን። ዛሬ ልጆቻችን ሲወጡ ሕጉ አንድ ነው፤ ጠርተህ መልስ ካላገኘህ ቁም፣ ለመጨረሻ ጊዜ ወደተሰማማንበት ቦታ ተመለስ፣ እዚያ ጠብቀን። እኛም ወደዚያው እንመጣለን። ገደል፣ ውኃና አስፋልት ያለበት ቦታ ደግሞ ሬዲዮ ተይዞም ቀድሞ መሄድ የለም። ሬዲዮው ለእኔ የሰጠኝ ድፍረት ነበር፤ ያንን ድፍረት በዚያ ቁልቁለት ላይ መሸጥ አልነበረብኝም።

«ጨርሻለሁ»

ሳላስበው የመጣ ጥቅምም አለ። ባለቤቴ «በሬዲዮ አማርኛ ብቻ» የሚል ሕግ አወጣች። ምክንያቷ የማያውቁን ሰዎች እንዳይረዱን ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ሰው ይህ ብዙም እንደማያስተማምን ብነግራትም። ልጆቹ ቤት ውስጥ በአማርኛ ስናናግራቸው በእንግሊዝኛ የሚመልሱ ናቸው። ሬዲዮው ላይ ግን እንደ ጨዋታ ሕግ ተቀበሉት። «ዋልያ፣ ዋልያ፣ ይሰማል?» «ይሰማል፣ ቀጥል።» «የት ነህ?» «ከትልቁ ዛፍ በስተግራ ነኝ፣ ጨርሻለሁ።» ልጄ «በስተግራ» የሚለውን ቃል ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ እኔ አላስተማርኩትም።

ያመጣው ከአያቱ ሳይሆን አይቀርም። እናቴ እዚህ በነበረችባቸው ወራት ስልክ ገዝተንላት ነበር፤ መክፈቻ ቁጥሩ፣ ማሻሻያው፣ የሚዘለው ማስታወቂያ ሰላም ነሷት። ዎኪቶኪው ግን አንድ ቁልፍ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የቤቱ አዛዥ ሆነች። እኛ ሥራ ላይ ስንሆን መስኮት ጋ ተቀምጣ ግቢ ያሉትን ልጆች ትመራለች። «ማሙሽ፣ ሹራብህን ልበስ፣ ነፋስ ነው።» «አንቺ፣ ከዚያ ዛፍ ውረጂ፣ አይቼሻለሁ!» ጭላዳ፣ ዋልያ የሚለውን ግን እምቢ አለች፤ «የልጅ ልጄን ዝንጀሮ ብዬ አልጠራም» ብላ።

መጀመሪያ ላይ «ጨርሻለሁ» የሚለው አልገባትም ነበር። አንድ ቀን ልጄ ከታች «እማማ፣ መጣሁ፣ ጨርሻለሁ» አላት። እናቴ ወደ ባለቤቴ ዞራ «ምኑን ነው የጨረሰው? ምሳው ገና መች ቀረበ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ምግብ ሲቀርብ ሁሉም ከመብላቱ በፊት «ጨርሻለሁ» ይላል።

ወደ አገር ቤት ልትመለስ ሻንጣዋን ስናዘጋጅ አንዱን ጥንድ በሹራቧ ጠቅልላ አገኘሁት። አንዱን ለራሷ፣ አንዱን ለጎረቤቷ አስባ ነው፤ ጠዋት ቡና ሲፈላ ለመጥራት። መገናኛ ሬዲዮ ያለ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት እንደማይቻል፣ ቦሌ ጉምሩክ ላይ እንደሚያዝባት ነገርኳት። ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ጎረቤቴን ቡና ለመጥራት ፈቃድ?»

«አዎ እማዬ።»

አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ተወው በቃ፣» አለች፣ «እኔ ድሮም አጥር ላይ ሆኜ ስጣራ እስከ ታችኛው ሰፈር ይሰማል።»